ባለ 21 ወይስ ባለ 17? ሱፐርሞቶና ዱዋል ስፖርትን በአንድ ሞተር ላይ ለወራት ሞክሬ

ሱፐርሞቶ (በትንሽና ሰፊ የአስፋልት ጎማ የሚሄድ ሞተር ሳይክል) ልግዛ ወይስ ዱዋል ስፖርት (ለአስፋልትም ለአፈር መንገድም የተሠራ) የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጉልበትና መልክ ሲያወዳድር ነው የማየው። ሁለቱንም ለወራት ከነዳሁ በኋላ እኔ የምለው ሌላ ነው። ቅድሚያ የፊት ጎማውን እዩ። እሱን ደግሞ የሚመርጥላችሁ በየቀኑ የምትሄዱበት መንገድ ነው፤ በተለይ የመንገዱ መጥፎ ክፍል።

የኔ ሞተር ሱዙኪ ዲአር-ዜድ 400 ኤስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ኤሱ እለዋለሁ። 398 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አምስት ማርሽ። ከፋብሪካ የወጣው ዱዋል ስፖርት ሆኖ ነው። የፊት ቸርኬው 21፣ የኋላው 18 ኢንች። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ ሞተር በ17 ኢንች ቸርኬ ሱፐርሞቶ አድርጎ ኤስኤም በሚል ስም አወጣው። እኔ ኤስኤሙን አልገዛሁም። ባለ 17 ቸርኬ ከነጎማውና ከነትልቁ የፊት ፍሬን ዲስክ ገዛሁና በኤሱ ላይ እያፈራረቅኩ ነዳሁ። ኢንጂኑ ያው፣ ፍሬሙ ያው፣ መቀመጫው ያው። ስለዚህ የተሰማኝ ለውጥ ሁሉ ከጎማና ከፍሬን የመጣ ነው ማለት እችላለሁ።

ለውጡ ደግሞ ትልቅ ነው። በ80/100 ጎማ (ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 100 በመቶ) ባለ 21ዱ ቁመቱ 69 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በ120/70 ጎማ ባለ 17ቱ 60 ገደማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ፊት ለፊት ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ኋላው ግን በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። አፍንጫው ተደፋ ማለት ነው። የፊት ሹካው ቀጥ ይላል፣ መሪው ይቀልላል፣ ሞተሩ ገና ሳታስቡት ይታጠፋል። ጥሩ አስፋልት ላይ ይሄ ደስታው ልዩ ነው። ኩርባ ስትገቡ ወደ መውጫው ማየት ይበቃል፤ ሞተሩ ተከትሎ ይጋደማል። በባለ 21ዱ ግን መሪውን ገፋ አድርጋችሁ ትንሽ መጠበቅ አለባችሁ። ይታጠፋል፣ ግን ዘግየት ብሎ ነው።

ፍሬኑም እንዲሁ። በቀጭኑ ባለ ጥርስ ጎማና በትንሹ ዲስክ ለመቆም ማንሻውን ጨበጥ አድርጎ መያዝ ይጠይቃል። በሱፐርሞቶ ቸርኬ ሁለት ጣት በቂ ነው። የከተማ ትራፊክ ውስጥ፣ ከፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ቀጥ ሲል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ችግር ግን አለው። የኤሱ የፊት ሹካ የተሠራው ለኮረኮንች ነው። ለስላሳ ነው፣ ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በትልቁ ዲስክ ጠንከር አድርጋችሁ ስትይዙ አፍንጫው ውርድ ይላል። ወፈር ያለ የሹካ ዘይት አስገብቼ መውረዱን ትንሽ ቀነስኩት። የፋብሪካው ኤስኤም ለዚህ ሲባል የተገለበጠ፣ ጠንከር ያለ ሹካ አለው። ቸርኬ በመቀየር ብቻ ኤስኤም አገኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።

ማርሹም ይነካል። የኋላ ጎማው ሲያጥር በያንዳንዱ ዙር የሚሄደው ርቀት በሰባት በመቶ አካባቢ ይቀንሳል። ኢንጂኑ በዚያው ፍጥነት ይበልጥ ይጮኻል። ሱዙኪ ኤሱ ላይ ያለውን ባለ 44 የኋላ ጥርስ (ካቴናው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ) ኤስኤሙ ላይ 41 ያደረገው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ሒሳቡ ልክ ይገጥማል። እኔም 41 አስገጠምኩ። እሱን ሳልቀይር የነዳሁባቸው ቀናት ከመብራት ሲነሳ እሳት ነበር። ፈጣን መንገድ ላይ ግን ስድስተኛ ማርሽ ፍለጋ እግሬ ይሄዳል፤ ስድስተኛ ደግሞ የለውም። ቆጣሪው ከፊት ጎማ ስለሚያነብ እሱም ይዛባል። በ60 እየሄዳችሁ 70 ሊጠጋ ነው ይላችኋል።

አሁን ወደ መጥፎው መንገድ እንምጣ። ምርጫው የሚለየው እዚህ ነው።

አስፋልቱ ተቆርጦ ጠርዙ ስል የሆነ ጉድጓድ አስቡ። ባለ 21ዱ ጠርዙን ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይወጣበታል። ትልቅ ክብ ስለሆነ ከቁመቱ አንጻር ጠርዙ ዝቅተኛ ነው። መሪው እጃችሁ ውስጥ ይነቃነቃል፣ ግን አቅጣጫውን አይለቅም። ባለ 17ቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጓ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ጎማው እስከ ቸርኬው ተጨፍልቆ ካላማዳሪያውን በቸርኬው ብረትና በጉድጓዱ ጠርዝ መሃል ይነክሰዋል። ፈትታችሁ ስታዩት ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች ታገኛላችሁ፣ የእባብ ንክሻ ይመስላሉ። ሚስማር የወጋው ጎማ እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ሚስማር አትፈልጉ፤ የጎማውን ንፋስና የቸርኬውን ጠርዝ እዩ።

ጠጠሩ ደግሞ ከጉድጓዱ ይብሳል። ኩርባ ላይ የተበተነ ኮረት ሲያገኝ ሰፊውና ለስላሳው የሱፐርሞቶ ጎማ ድንጋዮቹ ላይ ይንሳፈፋል። የፊቱ ወደ ውጭ ይሸሻል። ቀጭኑ ባለ 21 ግን ጠጠሩን ሰንጥቆ መሬት ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ማወዳደሩም አያስፈልግም፤ የአስፋልት ጎማ ጭቃ ከሞላው በኋላ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እርጥብ አስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ባለ 17ቱ ሰፊ ሆኖ ይይዛል፤ ባለ ትላልቅ ጥርሱ ጎማ ደግሞ ጥርሶቹ እየተጣመሙ ከሥራችሁ የሚወዛወዝ ነገር ያለ ይመስላችኋል። ዝናብ የሚበዛበትና ሬንጁ ያማረ ከተማ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ሱፐርሞቶ ሲጀመር እኮ አፈርም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርልስባድ ላይ ለኤቢሲ ቴሌቪዥን በተዘጋጀ ውድድር የሞቶክሮስ፣ የአፈር ትራክና የአስፋልት ተወዳዳሪዎችን አንድ ላይ አምጥተው ማን ይበልጣል አሉ። መንገዱም አስፋልትና አፈር የተቀላቀለበት ነበር። በኋላ ስፖርቱ አውሮፓ፣ በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ ጎለመሰ። ያ ታሪክ ግን የትራክ ታሪክ ነው። ትራክ ላይ አፈሩ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። በየቀኑ መንገዳችሁ ላይ ኮረቱ የት እንደሚጠብቃችሁ አታውቁም።

ቁመት ለብዙ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። የኤሱ መቀመጫ 935 ሚሊ ሜትር ነው። የኤስኤሙ 890። መሃከለኛ ቁመት ላለው ሰው ይህ ልዩነት በጣት ጫፍ መቆምና እግርን ዘርግቶ መቆም ነው። ስትቀመጡበት ሞላው ትንሽ ይወርዳል፣ ቢሆንም በኤሱ መብራት ላይ ስቆም ብዙ ጊዜ አንድ እግሬን ብቻ ነው የማወርደው። ነዳጅ ሲሞላ 145 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አይከብድም። ተዳፋት ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ረጅም መንገድ ላይ ሁለቱም እኩል ያደክማሉ። መቀመጫው ጠባብ ነው፣ አንድ ሲሊንደር ይንቀጠቀጣል፣ 10 ሊትር ታንክ ቶሎ ያልቃል። ጎማ በማስጨረስም አይተናነሱም። ባለ ጥርሱ አስፋልት ላይ መሃሉ ይላጣል። የሱፐርሞቶው ለስላሳ ጎማ ደግሞ የሚይዘው እየተበላ ነው።

ታዲያ እንደኔ ሁለቱንም ቸርኬ ይዞ መገላገል አይቻልም ወይ? እኔም ስጀምር ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር። ሥራው ግን አለ። የፊት ዲስኩ ትልቅ ስለሆነ ፍሬኑን የሚይዘው ብረት አብሮ ይቀየራል። የኋላ ጥርሱ ከተለየ ካቴናው እንደገና ይወጠራል፣ ቸርኬው ከካቴናው ጋር መስመር ይዞ መግባቱ ይታያል። አዲስ የፍሬን ሸራ እስኪለምድ ድረስም ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። ቅዳሜ አስገብታችሁ እሁድ የምታወጡት ነገር አይደለም። አንዴ የገባው ቸርኬ ለወራት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ያው መምረጥ አይቀርም።

እኔ 21ዱን መርጫለሁ። ከቤት እስከ ሥራ ያለው መንገዴ አብዛኛው ያማረ አስፋልት ነው፣ በ17ቱ ስነዳው ከልቤ እደሰታለሁ። መሃል ላይ ግን አስፋልቱ ያለቀበት፣ ጉድጓድና ኮረት የበዛበት አጭር ክፍል አለ። በ17ቱ እዚያ ስደርስ ትከሻዬ ይጠነክራል፣ ዓይኔ ከመኪኖቹ ላይ ተነስቶ መሬት ላይ ይተከላል። በ21ዱ ግን ዓይኔ ትራፊኩ ላይ ይቆያል። ለኔ ይህ ከማንኛውም ኩርባ ደስታ ይበልጣል። አሁን የገጠምኩለት ጎማ ለአስፋልት ያደላ፣ ጥርሱ አጠር ያለ ነው፤ መወዛወዙም በጣም ቀንሷል።

መንገዳችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ከሆነ ግን ምክሬ ይገለበጣል። አንድ ቀን ገጠር እወጣለሁ ብላችሁ ዱዋል ስፖርት አትግዙ። ሱፐርሞቶ ግዙና በየቀኑ ተደሰቱበት። ዲአር-ዜድ ባይሆን እንኳ ጥንዶቹ ብዙ ናቸው። ምርታቸው ቢቆምም ያገለገሉት ያማሃ ደብልዩአር 250 አርና ኤክስ፣ ካዋሳኪ ኬኤልኤክስ 300ና ኤስኤም፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኬቲኤም 690 ኢንዱሮና ኤስኤምሲ አሉ። ሱዙኪም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ዲአር-ዜድ 4ኤስና 4ኤስኤም ብሎ አዲሶቹን አሳውቋል። ካርቡራቶሩ ቀርቶ ነዳጁ በኢንጄክሽን ሆኗል፣ ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል) ገብቶላቸዋል።

ያገለገለና ወደ ሱፐርሞቶ የተቀየረ ሞተር የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። የፊት ዲስኩ ትልቁ መሆኑን እዩ፣ የኋላ ጥርሱ መቀየሩንም ጥርሶቹን ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ቸርኬዎቹን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩና ጠርዛቸውን ከጎን እዩ፤ ጉድጓድ የመታው ቸርኬ ሲዞር ይወዛወዛል፣ ራጂዎቹም ሲነኩ የላላው ድምፁ ይለያል። የድሮዎቹ 21 እና 18 ቸርኬዎች ካሉ ደግሞ አብረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ለየብቻ ስትፈልጉት ከነዲስኩና ከነመያዣው ሙሉውን ማግኘት ያስቸግራል።