ዊንዶውስ 10 ይቆይ፣ 11 ይጫን ወይስ ሊኑክስ ሚንት? የጎንደር የቤት ላፕቶፖች ሲመዘኑ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ወርድም ይከፈታል፤ የተቋረጠው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። አንድ ፍላሽ በአንድ ቀን ከካምፓስ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ማታ ደግሞ ቤት በሚገባበት ከተማ ይህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ምርጫው ሦስት ነው፦ ዊንዶውስ 10ን በተራዘመው ድጋፍ ማቆየት፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ፣ ወይም ዊንዶውስን ትቶ በእሱ ቦታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን መጫን።

ውሳኔውን የሚሰጠው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ነው። ኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ጫኑ። ከዚያ በታች ከሆነና ሥራችሁ የግድ የዊንዶውስ ፕሮግራም የማይጠይቅ ከሆነ ሚንት ይሻላል። መስፈርቱ ተዘሎ ወይም «ባይፓስ ተደርጎ» የሚጫነውን ዊንዶውስ 11 ግን ለቤት ኮምፒውተር አንመክርም።

ጀነሬሽኑን ለማወቅ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ግቡና ፕሮሰሰር የሚለውን መስመር አንብቡ። «አይ5-6300ዩ» ካለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ጀነሬሽኑ ነው። 8250 ማለት 8ኛ፣ 10210 ማለት 10ኛ፣ 1135 ማለት 11ኛ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ «ኮር አይ7 ነው» በሚል ብቻ አትርኩ። የ4ኛ ጀነሬሽን አይ7 የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም፤ የ8ኛ ጀነሬሽን አይ3 ያሟላል። ከተማችን ውስጥ በየቤቱ የሚታየው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጀነሬሽን ነው፣ ጂ4ቱ ደግሞ 7ኛ። ሁለቱም ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፣ ሁለቱም ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከተቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውጭ ናቸው። ፕሮሰሰሩ የሌላው አምራች፣ የኤኤምዲ ከሆነ ቁጥሩን ከመገመት ብቁነትን የሚፈትሸውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ ፒሲ ሄልዝ ቼክን አውርዶ ማስፈተሽ ይሻላል።

ከፕሮሰሰሩ ሌላ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፍ የሚይዝ ክፍል) እና በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) የሚሠራ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክል) ነው። 4 ጊጋው ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ክሮም ጥቂት ገጽ ከፍቶ ወርድ ሲጨመርበት ማሽኑ መንተፋተፍ ይጀምራል። 8 ጊጋ ያስፈልጋል። ከራሙ በፊት ግን ሃርድ ዲስኩ ይቀየር። አሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ከተነሳ በኋላ ብዙ ደቂቃ ዲስኩን መቶ በመቶ ይዞ ይቆያል፤ ሰው «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ፎርማት የሚያስደርገው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። 256 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ማስገባት ከማንኛውም ፎርማት የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ራም ስትገዙ ደግሞ የድሮዎቹ ዲዲአር3ኤል፣ ከ840 ጂ3 ወዲህ ያሉት ዲዲአር4 እንደሚወስዱ እወቁ። የእግሩ ክፍተት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ከተገፋ ማስገቢያውን ይሰብራል።

ወደ 11 ለማሳደግ ብቁ የሆነ ማሽን ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው፦ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን ሆኖ ሳለ ፍተሻው «ሴኪዩር ቡት የለም» ይላል። ምክንያቱ ቀድሞ ፎርማት ያደረገው ሰው ዊንዶውሱን በሌጋሲ ሞድ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) ስለጫነው ነው። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ «ባዮስ ሞድ» የሚለው ቦታ «ሌጋሲ» ካለ ዲስኩ የተከፋፈለው በድሮው አከፋፈል፣ በኤምቢአር ነው። ይህን ሳያዩ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብቶ ሌጋሲውን ዘግቶ ዩኢኤፍአይ መክፈት ኮምፒውተሩ «ቡት የሚደረግ ዲስክ አልተገኘም» ብሎ እንዲቀር ያደርጋል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ወደ ሌጋሲ ሲመለስ ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ቀጥሎ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ በሚመጣው ኤምቢአር-ቱ-ጂፒቲ በተባለው መሣሪያ ዲስኩን ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ መለወጥ፣ በመጨረሻ ባዮሱን ማስተካከል ነው። ቲፒኤሙ ካልታየም አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ነው፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ባዮስ ለመግባት ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው።

ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ወደ 11 ማደጉ ነፃ ነው። ካልወደዳችሁትም በ10 ቀን ውስጥ ሪከቨሪ ከሚለው ቦታ ወደ 10 መመለስ ይቻላል፤ ስለዚህ ዲስኩን ለማጽዳት ተብሎ የድሮው ዊንዶውስ ፎልደር ወዲያው አይሰረዝ። በማይክሮሶፍት አካውንት አዲስ ስትጭኑ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ሳይጠይቅ ዲስኩን ሊቆልፈው እንደሚችልም አስታውሱ። መክፈቻ ቁልፉን ከአካውንታችሁ ገጽ ላይ ወስዳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዮስ ተነክቶ ወይም ማዘርቦርድ ተቀይሮ ቁልፉ ሲጠየቅ ከሌለ፣ ፎቶውም የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይቀራል።

ባይፓሱን የማንመክረው አይሠራም ብለን አይደለም። ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሹ ሲዘጋጅ ቲፒኤሙንና ሴኪዩር ቡቱን የሚያስዘልል ምርጫ አለ፤ 6ኛ ጀነሬሽን ላይ ይጫናል፣ ይነሳል። ችግሩ በኋላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ትልቁ እትም እንዲህ ላለ ማሽን በራሱ አይመጣም፣ ስለዚህ በየጊዜው ብዙ ጊጋ የሚመዝን አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) አውርዶ በእጅ ማሳደግ ይጠይቃል። ማይክሮሶፍትም መስፈርቱን ላላሟላ ማሽን የማሻሻያ ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ አስቀምጧል። ኮር ቱ ዱዎ ላይ ደግሞ ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ጭራሽ አይነሳም፤ ሲስተሙ የሚፈልገው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የለም። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ ይህን ሊሠራ ይችላል። ለእናትና ለአባት የተገዛ ላፕቶፕ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥራ መጫን ልክ አይደለም።

ዊንዶውስ 10ን ማቆየት የግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ፣ ኤፒ ኢንፎ ወይም ኤስፒኤስኤስ የሚፈልግ የጤና ተማሪ ወደ ሊኑክስ ቢሄድ ይቸገራል። ለእነሱ የተራዘመው የደኅንነት ድጋፍ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አለ። እትሙ 22ኤች2 መሆን አለበት፤ ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መመዝገቢያው ይመጣል። አንዱ መንገድ 30 ዶላር ነው፣ ይህም ከአገር ውጭ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ከባድ ነው። ሌላው ግን ያለ ክፍያ ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፑን መክፈት ይበቃል። ይህ የሚገዛው ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜውን 8ኛ ጀነሬሽን ለመግዣ መቆጠቢያ አድርጉት።

አሁን ወደ ሚንት። ለ6ኛና ለ7ኛ ጀነሬሽን፣ ኤስኤስዲ ከተጨመረላቸው ለ4ኛና ለ5ኛም ጭምር፣ ከሦስቱ የምናስቀድመው ይህንን ነው። የ22 ተከታታይ እትሞች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አላቸው። ክፍያም ክራክም (ሕገወጥ መክፈቻም) የለውም። መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይከብድም፤ ሜኑው ታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረውት ይመጣሉ፤ ቴሌግራም፣ ዙምና ቪኤልሲ ከሶፍትዌር ማናጀሩ ይገኛሉ። 4 ጊጋ ራም ካለ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ፣ 8 ጊጋ ካለ የሲናመኑን እትም ውሰዱ።

አይኤስኦው ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፤ ከሚንት ገጽ ይውረድ እንጂ ከቴሌግራም ቻናል አይወሰድ። ገጹ ላይ ከተሰጠው የሻ256 ቁጥር (የፋይሉ መለያ) ጋር አመሳክሩት፤ ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ይታይና መሀል ላይ መጫኑ ይቆማል። ከዚያ በሩፉስ ወይም በባሌና ኤቸር 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ተጭኖ ከፍላሹ ማስነሳት ነው። እዚህ ላይ የሚንት ትልቁ ጥሩ ነገር ሳይጫን ከፍላሹ መሥራቱ ነው። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ክዳኑ ሲከደን ተኝቶ ሲከፈት መነሳቱን እዚያው ፈትሹ። የኢንቴል ዋይፋይ ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል፤ ብሮድኮም ከሆነ ግን ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ ስልኩን በኬብል አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ መክፈትና ከድራይቨር ማናጀር ድራይቨሩን ማውረድ ነው።

ፍላሽ ላይ የሚታየውን ልዩነት በቅርብ እንየው። ሾርትከት ቫይረስ የገባበት ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት የሚታየው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው፤ ፋይሉ ተደብቋል፣ ሾርትከቱ ሲነካ ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል። ያው ፍላሽ ሚንት ላይ ሲሰካ ሾርትከቱ የማይሠራ ተራ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ የተደበቀው ፎልደርም አብዛኛውን ጊዜ ስም አልባ ሆኖ በግልጽ ይታያል። ከፍታችሁ ሰነዱን መገልበጥ፣ ከዚያ ፍላሹን ማጽዳት ነው። «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ማስመለስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

አማርኛ መጻፍ ላይ ትንሽ ሥራ አለው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እሱን የለመደ እጅ መጀመሪያ ይቸገራል። ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም የሊኑክስ እትም አለው፤ ጂኤፍኤፍ የሚባለውን የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሩበት፣ በላቲን ፊደል ድምፁን እየነካችሁ ትጽፋላችሁ። ስልክም ዊንዶውስም ላይ ያው ኪቦርድ ስላለ አንዴ ከተለመደ የትም ይሠራል። ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ግን ያ ፎንት ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ሚንት ላይ ብቻ ሳይሆን ፎንቱ በሌለው ዊንዶውስም ላይ እንዲሁ ነው። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ሊብሬኦፊስ ሌላ ፎንት ስለሚተካበት መስመሩ ይንሸራተታል፤ አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ ፊርማው ብቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ ወድቆ ይገኛል። ለፕሪንት የሚሄድ ነገር ሁሉ በፒዲኤፍ ተቀይሮ ይሂድ። ቤት ፕሪንተር ካለ የኤችፒዎቹ በአብዛኛው በቀላሉ ይታወቃሉ፤ አንዳንድ የካነን ሌዘሮች የአምራቹን የሊኑክስ ድራይቨር ለይቶ መጫን ይጠይቃሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን መጫንም ይቻላል። ሦስት ነገር ግን ይታወቅ። አንደኛ፣ ዲስኩ እየተከፋፈለ መብራት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ባትሪው 20 ደቂቃ የማይዝ ላፕቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ አይሞከር። ሁለተኛ፣ የዊንዶውሱ ፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ ማስነሻ) ካልተዘጋ ማሽኑ በእርግጥ ስለማይጠፋ ሚንት የዊንዶውሱን ዲስክ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር አትደንግጡ፤ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ስለሚያስቀምጥ ነው፣ ዊንዶውሱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል። ሚንቱ ላይ ደግሞ የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ታይምሺፍትን በመጀመሪያው ቀን ክፈቱት፤ ማሻሻያ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ወደ ትናንቱ መመለሻ ይሆናችኋል። የግል ፋይልን ግን አይጠብቅም፣ እሱ ለብቻው ይገልበጥ።

ፎርማቱን ሱቅ ወስዳችሁ የምታስደርጉ ከሆነ ምን እንደሚጫን ከሥራው በፊት ተነጋገሩ። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ቁልፋቸው ባዮስ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ የዊንዶውስ 10 ፕሮ ከሆነ ፕሮ ሲጫን ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ባለሙያው በልማድ ኢንተርፕራይዝ ከጫነ ግን ቁልፉ አይገጥምም፣ ክራክ ይገባል፣ ክራኩ እንዲሠራም ዲፌንደር (የዊንዶውሱ ፀረ ቫይረስ) ይዘጋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ፣ ዲፌንደሩ መከፈቱን፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት አለመኖሩንና ባዮስ ሞዱ ዩኢኤፍአይ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ እዩ።