ዘጠኝ ጥያቄዎች በስልክ፦ የሜንታል ሄልዝ አሜሪካ የድባቴ መመዘኛ ሲገመገም

በ1909 የተመሠረተው ሜንታል ሄልዝ አሜሪካ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ በድረ ገጹ ለሕዝብ ክፍት ያደረጋቸው የአእምሮ ጤና መመዘኛዎች ብዙ ናቸው። እዚህ የምገመግመው የድባቴውን ብቻ ነው፤ ይህም በየክሊኒኩ የሚሠራበት ፒ ኤች ኪው 9 የተባለው መጠይቅ ነው።

ክፍያ የለውም፤ ስም አይጠይቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረው ስሜት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎትና ሐሳብን የመሰብሰብ አቅም ጠይቆ፣ በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይደርሳል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚይዝ ድምሩ ከ27 አያልፍም። የገጹ ትልቁ ብልጫ ለኔ ምስጢር መጠበቁ ነው፤ ወሬው ከዕድር እስከ ቤተ ክርስቲያን ይዳረሳል ብሎ የሚፈራ ሰው ለዘመድም ለንስሐ አባትም ያልተናገረውን፣ ሌሊት ብቻውን ሆኖ በስልኩ ላይ ምልክት ሊያደርግበት ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ሲነበብ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን እንደ ሐኪም ቃል ይቀበለዋል፤ ገጹ ራሱ ውጤቱ ምርመራን እንደማይተካ ቢገልጽም ዓይን የሚያርፈው ድምሩ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት፣ 10 ነጥብን መለያ አድርጎ ሲወስድ መጠይቁ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ሲለይ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 33ቱን አለባቸው ብሎ እንደሚመድብ አሳይቷል። ስለዚህ 12 ያገኘ ሰው ማወቅ ያለበት ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንደሚገባው እንጂ ሕመሙ ተለይቶ እንደታወቀለት አይደለም። በመኪና ማቆሚያ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚተኛ ሰው የእንቅልፍና የድካም ጥያቄዎቹ ብቻቸውን ነጥቡን ከፍ ሊያደርጉበት ይችላሉ። (የምግብ ፍላጎቱን ጥያቄ በሁዳዴ መካከል መመለስም እንዲሁ ቀላል አይደለም።) በሌላ በኩል፣ ጭንቀቱን «ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ብሎ የሚገልጽ ሰው እነዚህን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም፤ ከዘጠኙ አንዱም ስለ ሕመም ስሜት አይጠይቅምና።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የቋንቋው ነገር ነው። መመዘኛው በስፓኒሽ አለ፤ በአማርኛ ግን አላገኘሁትም። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት መጠይቁን በልጃቸው አስተርጓሚነት ሲሞሉ ያ ሁሉ ምስጢራዊነት ይፈርሳል። ዘጠነኛውን ጥያቄ ከገዛ ልጇ አፍ የሰማች እናት፣ እውነቱ ሌላ ቢሆን እንኳ፣ «ኧረ በጭራሽ» ከማለት በቀር ምን ትመልሳለች? እንዲህ የተገኘ ዝቅተኛ ድምር ቤተሰቡን በከንቱ ያረጋጋዋል፤ ይህን ደግሞ ከሐሰት ማስደንገጫው የበለጠ እፈራዋለሁ።

እንግሊዝኛ በደንብ ለሚያነብ ሰው መመዘኛውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ውጤቱን አስቀምጦ ለቤተሰብ ሐኪሙ ቢያሳይ ሐኪሙ ድካሙና የእንቅልፍ መዛባቱ ከደም ማነስ ወይም ከታይሮይድ እንዳልመጣ ጭምር ያጣራለታል። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ግን ልጅን አስተርጓሚ ማድረጉ ይቅር። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይሻላል። ለዘጠነኛው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከ0 በላይ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ራስን የመግደል ሐሳብ ላለባቸው ሰዎች እርዳታ ወደሚሰጠው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ 988፣ መደወል ይገባል፤ መስመሩ በአስተርጓሚ አማካይነት ከ240 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ያነጋግራል።