ውሸት ወይስ መልክ? ሁለት የታሚል የፍቅር ኮሜዲዎች

በደቡብ ሕንዱ የታሚል ቋንቋ የተሠሩት «ካዳሊካ ኔራሚላይ» (1964 እ.ኤ.አ.) እና «ማይክል ማዳና ካማ ራጃን» (1990 እ.ኤ.አ.) ሳቃቸውን የሚያገኙት ሰውን በሌላ ሰው ከመሳሳት ነው፤ የስሕተቱ ምንጭ ግን ለየቅል ነው።

በመጀመሪያው፣ በዳይሬክተር ስሪድሃር ፊልም፣ ስሕተቱ ሆን ተብሎ ይፈበረካል። ከሥራ የተባረረው አሾክ የቀድሞ አሠሪውን ልጅ ለማግባት የሀብታም ልጅ ነኝ ይላል፤ ጓደኛው ቫሱም ሽማግሌ መስሎ «አባት» ይሆንለታል። ጉዱ የሚፈላው ቫሱ በዚያው ቤት የራሱን ፍቅረኛ ሲያገኛት ነው። በሽምግልና ልብስ ተጀቡኖ ፍቅረኛን ከመጠበቅ የባሰ ምን ጭንቅ አለ?

የሁለተኛው ዳይሬክተር ሲንጊታም ስሪኒቫሳ ራኦ ደግሞ ጥፋቱን ተፈጥሮ ላይ ጥለውታል፤ ሲወለዱ የተለያዩ አራት መንታዎች፣ አራቱንም የሚጫወተው ተዋናዩ ካማል ሀሰን። ማንም ሳይዋሽ ሁሉም ይወናበዳል ማለት ግን አይደለም፤ እሳት አጥፊው ራጁ በነጋዴው ማዳን ቦታ ይቀመጣልና። ከአራቱ የኔ ምርጫ ወጥ ሠሪው ካሜሽዋራን ነው። ሥጋ በማይቀመስበት የብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን) ድግስ ሳምባሩ (የምስር ወጡ) ውስጥ ዓሣ ሲገባበት ፊቱ ላይ የሚታየው ድንጋጤ ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል።

በትወና ፉክክር ግን የ1964ቱ ፊልም ኮሜዲያን ናጌሽ የሚሸነፍ አይመስለኝም። እሱ የሚጫወተው፣ ፊልም ሠሪ ለመሆን የሚቋምጠው ቼላፓ ለአባቱ የሚያስፈራ ታሪክ ሲተርክ፣ ድምፁን ሁሉ በአፉ እየሠራ፣ አባቱን የሚጫወቱት ባላያ ወንበራቸው ላይ ይኮማተራሉ። መናፍስት የሉም፤ ምላስና ዐይን ብቻ።

ለታሚል ፊልም አዲስ የሆነ ሰው ከአሮጌው ይጀምር፤ የ1990ው ፈጣን ቃላት ጨዋታ በትርጉም ጽሑፍ ግማሹን ያጣል።