የሙዲስ፣ የስታንዳርድ ኤንድ ፑርስና የፊች የብድር ደረጃ፦ ለጎጃም ባለገንዘብ ምን ያህል ይታመናል?

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከእህል ንግድ የተረፈውን ገንዘብ በባንክ አክሲዮን ወይም በቦንድ ላይ የሚያውለው ሰው ጥቂት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2025 መጀመሪያ ስለተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ) የሦስቱን ታላላቅ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች አገልግሎት እንደማንኛውም ለገበያ እንደሚቀርብ ነገር መመዘን ይገባል።

በፊደል የሚሰጠው ደረጃ በዋናነት የሚናገረው ተበዳሪው ዕዳውን በወቅቱ የመክፈል ዕድሉን ነው። ስለ አክሲዮን ዋጋም ሆነ ስለ ትርፍ ድርሻ የሚለው ነገር የለም፤ ስለዚህ አክሲዮን ሊገዛ የተነሣ ሰው በጥሩ ደረጃ ቢጽናና ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ተቀበለ ማለት ነው።

የእምነቱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። በጎጃም ገጠር ብድር ሲወሰድ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ የሚታመነውም ንግግሩ ስላማረ ሳይሆን ተበዳሪው ቢክድ ከራሱ ጎተራ እንደሚከፍል ስለሚታወቅ ነው። ደረጃ መዳቢው እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ የምሰጠው አስተያየት ነው እያለ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተከራክሯል። የሙዲስ መሥራች ጆን ሙዲ በ1909 የባቡር ኩባንያዎችን ቦንድ ሲመድብ ገንዘቡን የሚያገኘው መጽሐፉን ከሚገዙት ባለሀብቶች ነበር፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን በአብዛኛው የሚከፍለው ደረጃው የሚሰጠው ቦንድ ሻጭ ራሱ ሆኗል። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ኪሳራውን ሊያውጅ 4 ቀን እስኪቀረው ድረስ አስተማማኝ ከሚባሉት ተበዳሪዎች ተርታ አልወጣም ነበር። ሙዲስ በ2006 ከፍተኛውን ደረጃ ከሰጣቸው በቤት ብድር ላይ የተመሠረቱ ሰነዶች መካከልም 83 በመቶው በኋላ ዝቅ መደረጋቸውን የአሜሪካ የፋይናንስ ቀውስ አጣሪ ኮሚሽን ገልጿል። በዚህ ጣጣ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ በ2015 ለፌዴራሉ መንግሥትና ለክፍለ ግዛቶች 1.375 ቢሊዮን ዶላር፣ ሙዲስ ደግሞ በ2017 ወደ 864 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል፤ ገንዘቡ በዋናነት የገባው ግን ወደ መንግሥታት ካዝና እንጂ ሰነዱን ገዝቶ ወደከሰረው ሰው ኪስ አይደለም።

በአገራችን ጉዳይ ፍርዴ ይለዝባል። በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመድቡን ሙዲስ ቢ1፣ ሁለቱ ደግሞ ቢ ሰጡን፤ ይህም አስተማማኝ ከሚባለው ወለል በአራትና በአምስት እርከን ዝቅ ያለ ነው። መንግሥት በዚያው ዓመት መጨረሻ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ በዩሮቦንድ (ለውጭ ገበያ በውጭ ምንዛሪ በሚሸጥ ቦንድ) ተበደረ። በ2021 መጀመሪያ ዕዳው በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ (የድሃ አገሮችን ዕዳ ለማቃለል በተዘጋጀው ስምምነት) እንዲሸጋሸግ ሲጠይቅ ፊች ሳይውል ሳያድር ደረጃውን ዕዳው ላይከፈል የሚችልበት አደጋ ከፍተኛ መሆኑን ወደሚያመለክተው ሲሲሲ አወረደው፤ የዩሮቦንዱ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል የቀረው በ2023 መጨረሻ ነው። መግለጫውን በጊዜው ያነበበ ቦንድ ገዢ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የማሰቢያ ጊዜ ነበረው። የአፍሪካ መንግሥታት እነዚህ ድርጅቶች በችኮላና በጥቂት መረጃ ይፈርዱብናል ይላሉ፣ የአፍሪካ ኅብረትም አህጉራዊ መዳቢ ለማቋቋም ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። ቅሬታው ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ለአዲሱ ድርጅት የሚከፍሉት ደረጃ የሚጠብቁት መንግሥታት ከሆኑ የቆየው ችግር ቤት ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ የደረጃ ለውጥ መግለጫዎቹ በድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ሙሉ ጥናቶቹ የሚሸጡት ግን ለታላላቅ ተቋማት በሚመች ዋጋ እንጂ ለቡሬ ነጋዴ ታስቦ አይደለም። ከመግለጫው ውስጥ በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ደረጃውን ዝቅ ሊያደርጉ የሚችሉ ሁኔታዎች የሰፈሩበት ክፍል ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ስንት ወር የገቢ ዕቃ እንደሚሸፍን፣ በቀጣዩ ዓመት የሚከፈለው ዕዳ ምን ያህል እንደሆነም ብዙ ጊዜ በዚያው መግለጫ ውስጥ ይታያል፣ አንባቢውም ከብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ጋር ራሱ ሊያመሳክረው ይችላል። ለዚህ ክፍል ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ ለፊደሉ ሁለት።