የሰበታ መንገዱ ችግኝ መሸጫ፦ ችግኙ ግሩም፣ ጽሑፉ ግን ያሳስታል

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲኬድ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ሞልተዋል። ከነሱ ስለ አንዱ ነው የምጽፈው።

ችግኞቹ ያምራሉ። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ የለም፣ ላስቲኩን ከሥር ገልበጥ አድርጌ ሳየውም ሥሩ ተጠምዝዞ አልወጣም። ልጁ «ጋሼ፣ የፈለጉትን አንስተው ይዩ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። እንዲህ ሲተዉኝ ደስ ይለኛል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል።

የከነከነኝ ካርቶን ላይ የጻፉት ነገር ነው። ቲማቲም ዘሩም «ሃይብሪድ»፣ አቮካዶውም «ሃይብሪድ»። ኧረ አይደለም! ሃይብሪድ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚገኝ ነው። ኤፍ ዋን የሚባለው ቲማቲም እንደዚያ ነው፣ ዘሩን አስቀርታችሁ ለከርሞ ብትዘሩት ያንኑ ቲማቲም አታገኙም። አቮካዶው ግን ግራፍትድ ነው፤ ከዘር በበቀለ ግንድ ላይ ሃስ የሚባለው የአቮካዶ ዝርያ ቅርንጫፍ ጫፍ ተሰክቶ፣ ታስሮ፣ አብሮ ያደገ። ከላይ ያለው ያው ሃስ ነው፣ ከታችኛው ግንድ ጋር አልተደባለቀም። እኛ ሁለቱንም «የተዳቀለ» ስለምንል ሻጩም ገዢውም ይምታታበታል።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬው ምን እንደሚወጣው አይታወቅም፣ ለዚያውም 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ግራፍትዱ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያዋ ሃስ ራሷ ከዘር የበቀለች ናት፤ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ነው ያበቀላት፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጣባት። አሁን ያለው ሃስ ሁሉ ከእሷ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተባዛ ነው።

ስትገዙ ካርቶኑን ተዉትና ግንዱን እዩ። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ጠባሳ ወይም ጎበጥ ያለ ቦታ ከሌለ ግራፍትድ አይደለም። እዚህ ያየኋቸው ሁሉ አላቸው። አንዱ ላይ ማሰሪያው ሳይፈታ ቀርቶ ግንዱን አንቆት ነበር፣ ሳሳያቸው ያለ ጭቅጭቅ ቀየሩልኝ። ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቀንጥሱት፣ አለበለዚያ የታችኛው ግንድ ይበረታና ሃሱን ይጫነዋል።

ዝናብ ከጣለ መግቢያው ጭቃ ነው። ቡትስ አድርጋችሁ ሂዱ፣ መኪናችሁንም አስፋልቱ ዳር አቁሙ።