ማር በኪሎ፣ ውሃ በጆግ፦ ስለ ትንሿ የኩሽና ሚዛን

መርካቶ ከሚሸጡት ጠፍጣፋ የቻይና ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች አንዱን ገዝቼ ስሠራበት ከርሜያለሁ። እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ግራም በግራም ይቆጥራል፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል። ቤቱ ጠጅ የሚጥል ሰው ካለ ዓይኑን ሳያሽ ይግዛ። ሌላው እንደ ፍላጎቱ።

ለምን ጠጅ? ማር የምንገዛው በኪሎ ነው፣ ብርዙን የምንለካው ግን በጆግ ወይም ባገኘነው ዕቃ። እናቶቻችን «አንድ ለሦስት» ሲሉ አንድ ጆግ ማር ለሦስት ጆግ ውሃ ማለታቸው ነው። አንድ ሊትር ማር ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 1 ኪሎ ማር ገዝቶ 3 ሊትር ውሃ የሚያፈስበት ሰው አንድ ለሦስት ያደረገ ይመስለዋል እንጂ፣ ማሩ በጆግ ቢለካ 0.7 ሊትር ገደማ ስለሆነ ብርዙ ከአንድ ለአራትም አልፎ ቀጥኗል። ከዚያ «ማሩ ስኳር ተጨምሮበታል» ተብሎ ነጋዴው ይረገማል (አንዳንዴ እውነትም ተጨምሮበታል)። ለ1 ኪሎ ማር 2.1 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል። ዕቃውን ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ዜሮ ማድረግ፣ ማሩን መገልበጥ፣ አለቀ። ጆግ የሚያጣብቅ ነገር የለም።

የማልወድለት ሚሊ ሊትር የሚለውን ቁልፉን ነው። ይቺ ሚዛን ክብደት እንጂ ይዘት አትለካም፣ የጫናችሁባትን ሁሉ ውሃ ነው ብላ ትቆጥራለች። ለውሃ ልክ ናት፤ ግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳይ ውስጥ ሲደነገግ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውሃ ክብደት ተብሎ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ግን 920 ግራም ገደማ ስለሆነ «920 ሚሊ ሊትር» ብላ ትዋሻለች። ማር ላይ ደግሞ 1,400። ያን ቁልፍ እርሱት።

ሌላ የጠቀመችኝ በኬክ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ የምትልክልኝ አሠራር ሁሉ በካፕ ነው። የእነሱ ካፕ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የጋሎናቸው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ጋሎኑን እንግሊዞች በ1707 ለወይን ጠጅ መስፈሪያ ደነገጉት፣ አሜሪካኖች ይዘውት ቀሩ፣ እንግሊዞቹ ግን በ1824 በ10 ፓውንድ ውሃ ልክ ሌላ ጋሎን አወጡ። አሁን አንዱ 3.785፣ ሌላው 4.546 ሊትር ነው። እኛስ ብንሆን፣ ቁናው ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ ጣሳውንም ሻጯ ቆልላ ትመርቃለች። በዚያ ላይ ዱቄት በማንኪያ እየተጨመረ ካፑን ሲሞላ 120 ግራም ገደማ፣ በካፑ ተዝቆ ሲጠቀጠቅ 150 ይደርሳል። ኬኩ የሚደርቀው ለዚህ ነው። እህቴን አሁን በግራም ላኪልኝ ብያታለሁ።

እንከኗ ብዙ ነው። ሰፊ ድስት ስታስቀምጡ ስክሪኗ አይታይም፣ የድስቱም ክብደት ከ5 ኪሎው ላይ ይቆረጣል። ትንሽ ሳትነኳት ከቆያችሁ ራሷን ታጠፋለች፣ ዜሮ ያደረጋችሁትም አብሮ ይጠፋል። ቅመም በቁንጥር ስትጨምሩ ዝም ትላለች።

ከመክፈላችሁ በፊት ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ጫኑባት። ከነፕላስቲኩ ከ500 ግራም ትንሽ ከፍ ማለት አለባት። 460 ካለች ሌላ አውጡልኝ በሉ።