ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ያለውን የኮፒ ቤት ልጅ አመስግኑልኝ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ዛሬ ቡና ልሸጥላችሁ አይደለም የመጣሁት፤ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው።

ከዘጌ በጀልባ የሚመጣልኝን ቡና ቆልቼ እንደምሸጥ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ትዕዛዙን ጎግል ሺት ላይ ነው የምመዘግበው። ቅናሹን እንዲያሰላልኝም አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ሒሳቡን በራሱ የሚሠራ የኮምፒውተር ትዕዛዝ፣ ጽፌበት ነበር። አዎ፣ ራሴ! ከ5 ኪሎ በታች ቅናሽ የለም። ከ5 ኪሎ ጀምሮ በኪሎ 50 ብር፣ ከ20 ጀምሮ ደግሞ 100 ብር ይቀነሳል።

ባለፈው ሳምንት 60 ኪሎ የወሰደ ደንበኛዬ ደወለ። "100 ብር እቀንሳለሁ ብለሽ 50 ነው እንዴ የቀነስሽልኝ?" ሳሰላው 3,000 ብር አብልጬ አስከፍዬዋለሁ። አፈርኩ፣ ወዲያው መለስኩለት። መዝገቡን ወደ ኋላ ሳይ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ግማሽ ኪሎ የወሰደውም፣ 2 ኪሎ የወሰደውም በኪሎ 50 ብር ተቀንሶለታል። ለካ ሰሞኑን ገበያ የደራልኝ በቡናዬ ጣዕም አይደለም።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሰው ስክሪፕቱን ሳይከፍት "ይሄ ከሥር መሠራት አለበት" ብሎ ዋጋ ጠራ። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

ከዚያ ነው ፔዳ አካባቢ ያለችው ጠባብ ኮፒ ቤት የገባሁት። ልጁ የተማሪ ወረቀት እያባዛ "ቁጭ በይ እህቴ፣ መጣሁ" አለኝ። መጥቶም አንዷ መስመር ላይ ቆመ፦

5 <= ኪሎ < 20

"ፓይተን ነው የተማርሽው?" አለኝ። እንዴት አወቀ? ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ይህችን መስመር እንደ ሰው ነው የሚረዳት፤ ኪሎው ከ5 ጀምሮ 20 ሳይሞላ ነው ወይ ማለት ነው። የጎግል ሺት ስክሪፕት ግን የሚጻፈው ጃቫስክሪፕት በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው። እሱ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ይሄዳል። መጀመሪያ 5ን ከ60 ጋር ያስተያይና "እውነት" ይላል። ከዚያ 60ውን ይረሳዋል። "እውነት" የሚለውን መልስ ይዞ ከ20 ጋር ያወዳድራል! ለእሱ እውነት 1 ነው፣ ሐሰት 0 ነው። ሁለቱም ከ20 ያንሳሉ። ስለዚህ ግማሽ ኪሎም ሆነ 60 ኪሎ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይጮህም።

መድኃኒቱ ኪሎን ሁለቴ መጥራትና መሃላቸው "እና" የሚለውን ምልክት ማስገባት ብቻ ነበር፦

5 <= ኪሎ && ኪሎ < 20

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ የዋጋ ዝርዝሬን አሳዪኝ አለ። "ከ5 እስከ 19 ኪሎ 50 ብር፣ ከ20 ኪሎ በላይ 100 ብር" ይላል። "19 ተኩል ያዘዘስ? ልክ 20 የሆነስ?" ዝም አልኩ። እውነት ግን "ከ20 በላይ" ሲባል 20 ራሷ አለችበት ወይስ የለችበትም? እኛ እርስ በርሳችን ተግባብተን እናልፈዋለን። ማሽኑ ግን ቁርጡን ይፈልጋል። "ጀምሮ ካልሽ እኩል ምልክቷን ጨምሪ፣ ሳይሞላ ካልሽ ተያት" አለኝ። ከዚያ 4.9፣ 5፣ 19.5፣ 20 እያለ በየድንበሩ ቁጥር አስገባን። ባዶ ሣጥን እንደ ዜሮ እንደሚቆጠርም ያኔ ነው ያየሁት።

"ለአንድ መስመር ምን እቀበላለሁ" ብሎ ሲግደረደር በግድ 200 ብር አስያዝኩት።

እንከኑንም ልናገር። ቤቱ ጠባብ ነው፣ በፈተና ሰሞን ሰልፉ አይጣል ነው። በጠዋት ሂዱ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

በማግስቱ ግማሽ ኪሎ ቡና ወሰድኩለት። ስጦታም ቢሆን መዝገቡ ላይ አስገባሁት። ቅናሽ፦ 0 አለ።